ደጅ የማይጠና ሶፍትዌር

“ኔትወርክ ነገ ይመጣል” ሲል አንድ ሰው ከአቀስታ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሰማሁ። ትልቅ ሰው ስለነበር አመንኩት፤ በማግስቱ ስልኬን ይዤ ጠበቅኩ። ከዚያ ወዲያም ጠበቅኩ። እንግዳው ስለቀረ ይኸው በወረቀት እጽፍልሃለሁ፤ ወደ ዱባይ የምትመለሰው ሰብሌ ታደርስልሃለች።

ወንድሜ አያ ሙእሚን፣ አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ። እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሃል? ወገብህ ከቢሮው ወንበር ጋር ታረቀ? ባሲማና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባባ ዓይናቸው ቢደክምም ልጆችን ቁርኣን ማቅራታቸውን አልተዉም። እማ ጉልበቷን ያማታል፤ ተሻለሽ ወይ ስንላት ግን ስለ አንተ ነው መልሳ የምትጠይቀን።

አሁን ወደ ጥሉ ልግባ። የገበሬዎች ዩኒየናችን የእህል መረከቢያ ሶፍትዌር ሊያሠራ ሲነሳ፣ የአንተ መሥሪያ ቤት በአንድ በኩል፣ እኔ የዩኒየኑ የኮምፒውተር ሠራተኛ በሌላ በኩል ለውድድር ቀረብን። የአንተ ክላውድ ነው፤ ሥራው በትናንሽ ክፍል ተከፋፍሎ ውጭ አገር በተከራዩት ሰርቨር ላይ ይሠራል። የእኔ የድሮው ዓይነት ነው፤ ሁሉም በአንድ ማዕቀፍ ተጠቅልሎ ቢሯችን ባለው አንድ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። “ፈይዛ፣ እሱ እኮ ሙዚየም የሚገባ ነው፤ ታሳፍሪኛለሽ” አልከኝ በስልክ። ሰምቻለሁ።

የአንተ የተሞከረው በገበያ ቀን ነበር። የአገርህን ደንብ መቼም አልረሳኸውም፤ መዛኙ ኪሎውን ጮክ ብሎ ይጠራል፣ ተራ ጠባቂዎቹ “ሰምተናል” ይላሉ፣ ደረሰኙን ሳይጨብጥ ማንም ከሚዛኑ አይነቃነቅም። ከከላላ በበቅሎ ስንዴ ያመጡት እማማ ሀዲያ ተራቸው ደረሰ። ኪሎው ተጠራ፣ “ሰምተናል” ተባለ፣ ኔትወርኩ ሄደ። ስክሪኑ ላይ ያቺ “ጠብቁ” የምትለዋ ክብ መዞር ጀመረች። እማማ ሀዲያ ትንሽ አዩዋትና “ዚክር ላይ ነው መሰለኝ፤ አትረብሹት” አሉ። ከኋላቸው ያለው ሰልፍ ግን ዚክሩ እስኪያልቅ አልጠበቀም። ስንዴውን መልሶ እየጫነ በር ላይ ለቆሙት ነጋዴዎች በወረደ ዋጋ ሸጠው። ዓመት ሙሉ የለፉበት እህል ነው፣ አያ ሙእሚን።

በኮሚቴው ስብሰባ ላይ ቆሜ ተናገርኩ። የወንድሜ ማዕቀፍ መብራትና ኔትወርክ በማይጠፋበት አገር ግሩም ነው፤ አንዱ ክፍል ቢወድቅ ሌላው ይሠራል፤ እዚህ ግን ሁሉም አብሮ ነው የሚወድቀው አልኩ። የእኔ ያረጀ ነው፣ መልክም የለው፣ ግን በባትሪ ይሠራል፣ የማንንም ደጅ አይጠናም አልኩ። ሰብሳቢያችን ወይዘሮ አልታየች “የገዛ ወንድምሽን እኮ ነው የምትጥዪው” ቢሉኝ፣ “እሱ ዱባይ ነው፤ ቢወድቅም ምንጣፍ ላይ ነው” አልኳቸው። ከት ብለው ሳቁ፤ ኮሚቴውም የእኔን መረጠ።

ተቀይሟል አሉኝ። ተቀየም። ይቅርታ አልልም። አለቃህ “እህትህ ኋላ ቀር ናት” ካለህ አዎ በለው፤ ኋላ ስለቀረሁ ነው ሰልፉን ያየሁት። ዘንድሮ ማንንም ሳንለምን እህላችንን እየተረከብን ነው።

አባባ ዱዓ አድርገውልሃል። እማ ዓይንህን ስማሃለች፤ በክርክሩ የማን ወገን እንደሆነች ግን አትናገርም። ታናሻችን ከማሉዲን ሰላም ብሎሃል፤ እሱ የአንተ ወገን ነው፣ እራት የምሠራው እኔ ስለሆንኩ ዝም ብሏል። ጎረቤታችን ጋሽ ቢተውም እንዳትረሳኝ ብለዋል። ባሲማን እቀፍልኝ፣ ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳምልኝ።

እህትህ ፈይዛ
መካነ ሰላም፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሳልረሳው፦ የኮምፒውተሬ ዲስክ ከሰሞኑ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀምሯል። መለዋወጫው አዲስ አበባም የለም፤ በኢንተርኔት ብቻ ነው የሚገዛው አሉኝ። የዲስኩን ሞዴል ቁጥር ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሃለሁ።