ባለቤቴ በሕይወት መኖሯን ስላረጋገጡልኝ

ይድረስ ለክቡር የቀበሌያችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ በእኔ ወግ አሰላሙ አለይኩም፣ በእርስዎም ወግ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ የብረት መዝገብ ሣጥንዎ፣ እንዲሁም በመጣሁ ቁጥር ገብተውበት ያጣሁዎት ስብሰባ ሁሉም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከዓይኔ በቀር ደህና ነኝ። የባለቤቴን ጤና ግን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታልና አልነግርዎትም። ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በተጻፈና ክብ ማኅተም ባረፈበት ደብዳቤዎ፣ ባለፈው መስከረም በእጄ ወደ መቃብር ያወረድኳት ባለቤቴ ወይዘሮ ረሂማ በሕይወት እንዳለች አሳውቀውኛል። እንዲህ ያለ የምሥራች በጓዳ ምስጋና ብቻ የሚታለፍ ስላልመሰለኝ፣ ምስጋናዬን ሰው ሁሉ እንዲያነበው በግልጽ ጻፍኩት።

ስሜ ጀማሉዲን አብዱልወሀብ ይባላል። በደሴና በኮምቦልቻ ገበያ አርባ አንድ ዓመት የነጋዴ ሚዛን ሳስተካክል ኖሬአለሁ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው፤ እንግሊዝኛም ቢሉ ከሚዛን ጋር ከሚመጣው የመመሪያ ወረቀት ለቃቅሜ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ነጋዴ ለምኖኝም ተቆጥቶኝም አንዲት ግራም አልፌለት አላውቅም። ያላነበብኩትን አልፈርምም፤ ያልሆነውንም ሆነ አልልም። ይህን የምለው እስከ ባለፈው መስከረም ድረስ ስላለው ጀማሉዲን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስላለው ከታች አመለክታለሁ።

ጉዳዬ የጉዞ ጉዳይ ነው። አንዲት ልጅ አለችኝ፤ ቢልቂስ ትባላለች። ባሏ ከሞተ በኋላ አረጋውያንን የመንከባከብ ሥራ አግኝታ ወደ ብሪታንያ ከሄደች ሁለት ዓመቷ ነው። ሁለት ልጆቿን ለእኔና ለእናቷ ትታ ሄደች፤ ሰዓዳ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ሙንዚር ስድስት ዓመቱ ነው። ዘንድሮ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹን ይዤ ወር ያህል እናታቸው ዘንድ ለመክረም አስቤ፣ ነገሩን በአንድ ደብተር ላይ በመስመር በመስመር ጻፍኩት። ሙንዚር በባለ ፎቁ አውቶቡስ ላይኛው ክፍል፣ ከፊተኛው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሰዓዳ ባሕር ታያለች። እናታቸው ሥራ በማትገባበት ቀን የዚያን የጥንት ግዙፍ እንስሳ አጥንት ወዳቆሙበት ቤት እንሄዳለን። ለእኔም የድሮ ሚዛን የሚታይበት ቦታ ከተገኘ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃኛል። እዚያ በጋ ነው የሚሉት ወራት ዝናብ አያጣውም ስላሉኝ የዝናብ ልብስ ገዝቼላቸዋለሁ፤ ሙንዚር የእሱን ለብሶ መተኛት ከጀመረ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው።

በደብተሩ ላይ ያልጻፍኩት አንድ መስመር ግን አለ። ቢልቂስ እናቷ እንደሞተች አታውቅም።

ረሂማ እህቷን ልትጠይቅ ሐርቡ እንደወረደች በሁለተኛው ቀን አረፈች፤ አላህ ይርሐማት፤ በዚያው ዕለት ከዐስር ሶላት በፊት እዚያው ቀበርናት። ዘመድ ሁሉ ለልጅቷ ይደወልላት አለ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። በእኛ አገር መርዶ ሰው ተሸክሞት ይሄዳል እንጂ በሽቦ አይላክም። ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌ ይዘው ይገባሉ፤ የምትወድቀውን የሚይዝ፣ ውኃ የሚያቀምስ፣ አብሮ የሚያለቅስ ሰው ዙሪያዋን ይቀመጣል። ቢልቂስ የምትኖረው በአንዲት ክፍል ብቻዋን ነው። ስትወድቅ ማን ይይዛታል? ልጆቿን አጠገቧ አድርጌ፣ በዚያው ከተማ የሚኖሩ የወሎ ሰው የሆኑ አንድ ሼህ ከሁለት ሰው ጋር በጎሕ መጥተው፣ እኔው በአፌ እንድነግራት ተነጋግረን ጨርሰናል። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ጉዞው ለልጆቹ ሽርሽር፣ ለእኔ መርዶ ነው።

የእርስዎ ቢሮ የገባበት ምክንያት እንዲህ ነው። ቢልቂስ ስትሄድ ፍርድ ቤት የልጆቹን ሞግዚትነት የሰጠው ለረሂማ ነው። ወደ እኔ ይዛወር ዘንድ የሞት ማስረጃዋ ያስፈልጋል፤ እሱ ከሌለ ልጆቹን ከአገር ይዤ መውጣት አልችልም። ቢልቂስ ውክልና ትላክልን እንዳልል፣ «ለምን እማ አታመጣቸውም?» ማለቷ አይቀርም። እናም ደጅዎን መጥናት ያዝኩ፤ ያገኘሁትንም መስተንግዶ በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩ኛ. የሞተችው ሐርቡ ስለሆነ ማስረጃው ከዚያ ይምጣ አሉኝ። ሐርቡ ስሄድ የደሴ ነዋሪ ስለሆነች ከዚያ አምጣ ተባልኩ። በኮምቦልቻ በኩል ስድስት ጊዜ ተመላለስኩ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ሐርቡ የምትወርደው በዓመት አንዴ ነበር፤ ከሞተች በኋላ በወረቀት አድርጌ ስድስት ጊዜ ወሰድኳት። እህቷ በመጣሁ ቁጥር ምሳ ታቀርብልኛለች፤ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጠፋ ቢሮዎ ስላደረገው አስተዋጽኦ ሁለታችንም እናመሰግናለን።

፪ኛ. የሠፈራችን የቀብር ዕድር፣ የቅሬያችን ሰብሳቢ አቶ ሙባረክ የቅሬውን መዝገብ በብብታቸው ይዘው አብረውኝ መጡ። ሠላሳ አራት ሰው በአይሱዙ ተጭኖ ወርዶ እንደቀበራት፣ ማን እንደቆፈረ፣ እነማን እንዳጠቧት በስም ተጽፎበታል። መዝገቡ ክብ ማኅተም የለውም ተብለን ተመለስን። እውነት ነው፤ ቅሬያችን አካፋና ቃሬዛ እንጂ ማኅተም የለውም። ሰው ለመቅበር ማኅተም እንደሚያስፈልግ ቢያውቁ ኖሮ እነዚያ ሠላሳ አራት ሰዎች ባዶ እጃቸውን ባልወረዱ ነበር።

፫ኛ. በመጨረሻ፣ የባል ቃል ብቻውን ስለማይበቃ ከሟች ልጅ ማረጋገጥ ያስፈልጋል ተባለ። ስልክ እንዳትደውሉላት ብዬ ለመንኩ። ለምኜ አላውቅም፤ ለመንኩ። መመሪያ ነው ተባልኩና፣ ፈንታሁን የሚባለው ሠራተኛዎ እኔ በሌለሁበት ደወለ።

እዚህ ላይ ከልቤ ላመሰግን። ይህኛው ምስጋና ነገር የለበትም። ፈንታሁን የሰው ልጅ ነው። ደብዳቤውን ሲሰጠኝ ቀና ብሎ አላየኝም። «አባባ፣ አፌ አልታዘዝ አለኝ» አለኝ። እሱም የወሎ ልጅ ነው፤ ክርስቲያን ቢሆንም መርዶ በስልክ እንደማይነገር ከእናቱ ቤት ያውቃል። የሞትን ነገር ሊያጣራ ደውሎ፣ ሰላምታ አስቀድሞ፣ «እናትሽስ እንዴት ናቸው?» ብሎ ጠየቃት። እሷም «አልሐምዱሊላህ፣ ዓርብ ዕለት አውርተናል፣ በጣም ደህና ናት» አለችው። ደህና ይሁኑልሽ ብሎ ዘጋ። የሰማውን ጻፈ፤ እርስዎም ፈረሙበት። በደብዳቤዎ ግርጌ ደግሞ ቅሬታ ካለኝ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ እንዳቀርብና፣ ካቀረብኩም ቢሮው በድጋሚ ደውሎ ልጅቷን «እናትሽ ሞተዋል ወይስ አልሞቱም» ብሎ በግልጽ እንደሚጠይቃት አስታውቀዋል። ይኸውልዎ፣ ያሰሩኝ በዚህ ገመድ ነው። ዝም ካልኩ ረሂማ በሕይወት አለች፤ ከተናገርኩ ልጄ በአውቶቡስ ላይ፣ ወይም የማታውቃቸውን አሮጊት ደግፋ ስታስነሣ፣ ከማታውቀው ሰው አፍ ትሰማዋለች።

፬ኛ. አራተኛው በእርስዎ ላይ የቀረበ አቤቱታ አይደለም። የጎደለ ሚዛን ሲመጣልኝ አስቀድሜ የምጠይቀው ማን ነካው ብዬ ነው። ይህንን ሚዛን የነካሁት እኔ ነኝ።

ልጄ በየዓርቡ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ትደውላለች። የፊታችንን ምስል እንዳታይ የስልኩን ካሜራ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ አጠፋሁት፤ በዕድሜዬ ሆን ብዬ ያበላሸሁት ዕቃ እሱ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ዓርብ ሶላት ላይ ናት አልኩ። በሁለተኛው ሐርቡ ናት አልኩ፤ ይኼስ እውነት ነበር። በሦስተኛው «ዛሬ እማን ሳላናግር አልዘጋም» አለች። ስልኩን ይዤ ቆሜ ሳለ ሰዓዳ ከእጄ ወሰደችው። ጉሮሮዋን ልክ እንደ ረሂማ ሁለት ጊዜ ጠረገችና፣ «አብሽሪ የኔ ዓለም፣ ምን ሆነሻል? በላሽ? ልብስ ደርበሻል?» አለች።

ክቡር ሆይ፣ ድምፁ የሕፃን አልነበረም። እኔ የሰባ ሦስት ዓመት ሰው፣ ፊት ለፊቷ ቆሜ፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ እያየሁ፣ ዞሬ የጓዳውን በር አየሁ።

ቢልቂስ ከማዶ ደስ ብሏት አለቀሰች። የዚያን ዕለት ልጅቷን ተይ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ከዚያ ወዲህ ከሠላሳ በላይ ዓርብ አልፏል፤ አንዱንም ተይ አላልኩም። እውነቱን ካወጣሁ ዘንድ ይህንንም ላውጣ፤ ዓርብ እስኪደርስ የምጠብቀው ቢልቂስ ብቻ አልነበረችም።

አሁን ግን ዓርብ አይጠበቅም። ማክሰኞ ዕለት ሙንዚር ጫማውን ገልብጦ ጥሎት ሲገባ ያ ድምፅ ገሠጸው፤ እሱም ማን ተናገረ ብሎ ሳይዞር «እሺ እማማ» ብሎ አቃናው። ባለፈው ሳምንት ምሳ ላይ ወጡ ጨው አንሶታል ብዬ ባጉረመርም፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሐኪሙ ምን ነበር ያለህ?» የሚል ከጀርባዬ መጣ። አልዞርኩም። ጨውም አልጨመርኩም። መምህሯ ሰዓዳ በክፍል ውስጥ ስሟ ሲጠራ ቶሎ አትሰማም ብላ ወረቀት ልካልኛለች። ስለ ጉዞው ደግሜ በነገርኳት ቀን ባሕሩን ትጠይቀኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ «አባባ፣ እኛ ሁላችን ከሄድን ዓርብ ዕለት እማማን ማን ይሆናል?» አለችኝ። መልሱ ያለው ቢልቂስ እናቷን አልቅሳ በቀበረች ማግስት ነው፤ ከዚያ በፊት ያቺ ልጅ ወደ ራሷ አትመለስም። የልጅ ልጄን የምታስመልስልኝ እናቷ ናት፤ እናቷ ዘንድ የሚያደርሰኝ ደግሞ የእርስዎ ወረቀት ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነው። አዲስ አበባ ያለው የቪዛ ቀጠሯችን ሰኔ 16 ነው፤ ፍርድ ቤቱም ሳምንት ይፈልጋል። እስከ ሰኔ 5 ድረስ የቅሬውን መዝገብና የአቶ ሙባረክን ቃል፣ ቢፈልጉም የሠላሳ አራቱንም ቀባሪዎች ቃል ተቀብለው ረሂማን ይልቀቁልኝ። ስልኩን ደግሞ አያንሱት። ልጄ እስክንደርስላት ሳታውቅ ብትቆይ መንግሥት አይጎድልበትም። ስለ ሐሰቱ ሊጠየቅ ይገባዋል ካሉ ከጉዞው ስመለስ በራሴ እግር እመጣለሁ፤ የቢሮዎን መንገድ ጉልበቴ በቃሉ ይዞታል።

መዝገብዎን ከእሳት፣ ማኅተምዎን ከድርቀት፣ ስብሰባዎን ከመበተን አላህ እንዲጠብቅልዎ እየለመንኩ፤ ሌሎች የሠፈራችን ሙታንም በዘመንዎ ከቢሮዎ ተመሳሳይ በጎ ዜና እንደሚደርሳቸው በመተማመን፤ ከተቀመጡበት እንዳይነሡ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

ጀማሉዲን አብዱልወሀብ
ሚዛን አስተካካይ፣ ደሴ
በአፈር ሕግ ሚስቱ የሞተችበት፣ በጽሕፈት ቤትዎ ሕግ ባለ ትዳር

በድጋሚ የታሰበ፦ በደብዳቤዎ መሠረት ረሂማ በሕይወት ስላለች አንድ ግዴታ እንዳለባት ትዝ አለኝ። የነዋሪነት መታወቂያዋ ባለፈው ጥር ጊዜው አልፎበታል፤ በበርዎ ላይ በተለጠፈው ማስታወቂያ ደግሞ ለማሳደስ ባለመታወቂያው በአካል መቅረብ አለበት ይላል። እኔ ላመጣት አልችልም፤ እርስዎ ግን ከእኔ የበለጠ ሥልጣን ስላለዎት ይጥሯት። ከመጣች እባክዎ ወንበር ይስጧት፤ ጉልበቷን ያማታል፣ ለሰው ግን አትናገርም። ስለ እኔ ከጠየቀችዎት ለልጇ በስልክ እንዳልነገርኩባት ይንገሩልኝ። ስለ ሰዓዳ ከጠየቀችዎት ምንም አይበሉ። እሱን እኔ ራሴ እነግራታለሁ።