ስለ ኮምፒውተሬ ቁልፍና ስለ እናቴ ጀርባ

አዳማ፣ ሚያዝያ 2017 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ፈቃዱ ጫምሳ
የጎህ መረዳጃ ዕድር ሊቀመንበር

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ እንደምን ሰንብታችኋል እያልሁ፣ ይህ የሚያዝያ ሐሩርና አቧራውን ተሸክሞ የሚዞረው የአዳማ ነፋስ ደጃፍዎን በትሕትና አልፎ እንዲሄድ፣ ጤናና ዕድሜም እንዳይጎድልብዎ ከልብ እመኛለሁ። እኛም፣ ዕድሩ ቀን ከሌት ስለሚያስብልን፣ እግዚአብሔር ይመስገን አለን፤ እናቴ ወይዘሮ የሺዓለም አልጋ ላይ ናት፣ እኔ ደግሞ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኝ ከሳሎን ጓዳ፣ ከጓዳ ሳሎን እመላለሳለሁ። ይህችን ደብዳቤ እንኳ የጻፍኋት እየተነሣሁ እየተቀመጥሁ ስለሆነ፣ ዐረፍተ ነገሩ ቢንዛዛ ወይም ድንገት ቢያጥር ይቅርታዎን ከወዲሁ እለምናለሁ።

ለመጻፍ ያበቃኝ በጸሐፊያችን በወይዘሮ ዲንቄ እጅ የደረሰኝ ጥሪ ነው። በመጪው እሑድ ጠቅላላ ጉባኤ፣ ከድንኳኑ እድሳትና ከተሰበሩት ወንበሮች ቀጥሎ፣ በሦስተኛ አጀንዳነት «የመምህርት አበዛሽ ንዋይ ኮምፒውተር» ተይዟል። ይህን ያህል ዘመን ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ አጀንዳ የመሆን ክብር ገጥሞኝ ስለማያውቅ መጀመሪያ ደስ ሊለኝ ቃጥቶኝ ነበር። ወደ ታች ሳነብ ግን፣ በቤቴ ኮምፒውተር ላይ ያደረግሁትን የይለፍ ቃል እንዳነሣና ዕቃው እንደ ቀድሞው አባላትን እንዲያገለግል፣ እምቢ ካልሁ ደግሞ «በዕድሩ ላይ በሯን የዘጋች» ተብዬ ቤታችን ከአባልነት እንደሚሰረዝ ተረዳሁ። እናቴ በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለች ከዕድር መሰረዝ ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ አላስረዳም፤ ድንኳን የማይተከልለት፣ ሬሳ የሚያነሣ ሰው የሚቸግረው ቤት ማለት ነው። እሷ ደግሞ የመጀመሪያውን ድንኳናችንን ሸራ በእጃቸው ከሰፉት ሴቶች አንዷ ነበረች።

ስለዚህ ከጉባኤው በፊት ለዕድሩ ያለብኝን ምስጋና ተራ በተራ ላቅርብ ብዬ፣ በእናቴ ፈቃድ ይህን ጽፌ በዕድሩ ዕቃ ቤት የብረት በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

አንደኛ፣ የግል ንብረት ከሚያመጣው ብቸኝነት ስላዳናችሁኝ አመሰግናለሁ። ኮምፒውተሩን የገዛሁት ፈተና ላወጣበትና ማስታወሻ ላዘጋጅበት ነበር፤ ሳሎን አስቀምጬ እናቴ በሠራችው ዳንቴል አለበስሁት። ወሬው በተሰማ ማግስት የዕድሩ የአባላት ዝርዝር መጣ፣ ከዚያ የሥራ ማመልከቻ፣ ከዚያ የሠርግ ጥሪ፣ ከዚያ ጌም የሚጫወቱ ልጆች፣ ከዚያም ፊልም ለማየት ብቻ ጫማቸውን አውልቀው የሚገቡ ጎልማሶች። ቤት የእግዜር ነው ይባላልና እኔም ወረፋዬን ጠብቄ በገዛ ወንበሬ ላይ መቀመጥ ለመድሁ። ያወጣሁት የአሥራ አንደኛ ክፍል ፈተና ከእኔ ቀድሞ ትምህርት ቤት መድረሱን ያወቅሁት በውጤቱ ነው፤ መላው ክፍል አንድም ሳይስት መልሶ፣ ሰባተኛውን ጥያቄ ብቻ ሁሉም በአንድ ድምፅ ተሳሳተ። ስሕተቱ የእኔ ነበር፤ በመልሱ ላይ ዝዋይ ልል አቢጃታ ብዬ ኖሯል። ተማሪዎቼ ለመምህራቸው ያላቸውን ታማኝነት በዓይኔ ያየሁበት ዕለት ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ፍላሹ። ከወይዘሮ ዲንቄ አንገት የማይለየው የዕድራችን ፍላሽ እንደ ማኅበር ጽዋ ከቤት ቤት፣ ከዚያም በየማተሚያ ቤቱና በየኢንተርኔት ቤቱ ሲዞር ይውላል፤ እኔ ቤትም ባዶ እጁን መጥቶ አያውቅም። አንድ ቀን ጠዋት የስንት ዓመት ማስታወሻዬ ሁሉ፣ ቢነካ የማይከፈት፣ ቢከፈት ባዶ የሆነ ምልክት ሆኖ ጠበቀኝ። ለኮሚቴው ባመለክት «ያንቺ ብቻ አይደለም፣ ቫይረሱ ሁሉም ቤት ገብቷል» ተብዬ ተጽናናሁ፤ መከራ በጋራ ሲሆን ይቀላል የሚባለው ይህ መሆኑ ነው። በዚያው ሰሞን እርስዎ ፍላሹ ቢጠፋስ ብለው ሰጉና፣ «ከአበዛሽ ቤት የተሻለ አደራ ቦታ የለም» በማለት፣ በውስጡ ያለው ሁሉ ምንም ሳይቀር እኔ ኮምፒውተር ላይ እንዲገለበጥ አዘዙ። ተገለበጠ። ለተጣለብኝ አመኔታ እጅ እነሣለሁ።

ሦስተኛ፣ ጨዋነት ስላስተማሩኝ። ከቫይረሱ በኋላ ከደሞዜ ቆጥቤ ትክክለኛ አንቲቫይረስ ገዝቼ ነበር፤ ፍላሹ በተሰካ ቁጥር ማያውን ቀይ አድርጎ ይጮኻል። እርስዎ በአካል መጥተው ይህን ባዩ ጊዜ «ይሄ ነገር እንግዳ አይወድም እንዴ? እሰሪው እንጂ» አሉኝ፤ ደጃፍ ላይ እንግዳ የሚነክስ ውሻ እንዳለኝ ሁሉ አፈርሁና አሰርሁት። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ በስሜ ለማውቀውም ለማላውቀውም ደብዳቤ ይልክ ጀመር። መልካሳ ያሉት አጎቴ ከእኔ የውፍረት መቀነሻ ሻይ ማስታወቂያ ደርሷቸው «ወፍረዋል ማለትሽ ነው?» ብለው እስከ ዛሬ እንደተቀየሙ ናቸው።

አራተኛ፣ በጸሎታችሁ ስላሰባችሁን። እዚህ ላይ ጨዋነቴ ቢጎድል ይታገሡኝ። እናቴ ከተኛች ወዲህ ጀርባዋ ላይ የመኝታ ቁስል ወጥቶባታል። አዲስ አበባ ያለው ሐኪሟ ቁስሉን ሳላይ መድኃኒት አላዝም ስላለ፣ በስልኬ ፎቶ አንሥቼ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ገልብጬ ላክሁለት። በማግስቱ ወይዘሮ ዲንቄ የአባላቱን ዝርዝር ልታስተካክል መጥታ ፎቶውን አገኘችው። ዲንቄ ክፉ ሰው አይደለችም፤ አልቅሳለች፣ ከልቧ ነው ያለቀሰችው። እያለቀሰችም ማያውን በስልኳ አንሥታ «እናታችንን በጸሎት አስቡልን» ከሚል ቃል ጋር፣ ጥሩምባችንን በተካው የዕድሩ ቴሌግራም ላይ ለቀቀችው። እርስዎ ደግሞ፣ ክቡር ሆይ፣ ማንም ሳያየው እንዳያልፍ ብለው ከገጹ አናት ላይ ሰኩት። «እመብርሃን ትድረስላቸው» ተባለ፣ «ጌታ ይፈውሳል» ተባለ፣ በኦሮምኛም «ዋቅኒ ሃ ፈይሱ»፣ ፈጣሪ ይፈውስ፣ ተባለ፤ ማር ይቀቡበት ያለ አለ፣ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ ያለፈም አለ። ቡልቡላ ያሉት ዘመዶቻችን ሳይቀሩ እኔ ሳልነግራቸው አይተው ደወሉ።

እናቴ ነጠላዋን ሳትደርብ ደጅ ወጥታ የማታውቅ ሴት ናት። ጀርባዋን መንደሩ ሁሉ ማየቱን ያወቀችው፣ ልትጠይቃት የመጣች ጎረቤት አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ «ያ በግራ በኩል ያለው እንዴት ሆነልዎ እማማ? እሱ ነው ያስፈራኝ» ባለቻት ጊዜ ነው። ጎረቤቷ ስትወጣ ጋቢዋን እስከ አንገቷ ሳበችው። በዚህ ሐሩር፣ ሐኪሙ ቁስሉ አየር ያግኝ እያለ፣ እኔን ልጇን እንኳ አላሳይም፣ አላስነካም አለች። ቁስሉ መሽተት ጀመረ። ተናደድሁ፣ አፈርሁ፣ ከሁሉም በላይ ፈራሁ። ያን ሰሞን በጸሎት ያሰባችሁን ሁሉ፣ ጸሎታችሁ ደርሶናል።

አምስተኛ፣ ስለ ቁልፉ። የይለፍ ቃል ያደረግሁት ያኔ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነውና አልኮራበትም። ቫይረሱን አስጠረግሁ፣ የታሰረውን አንቲቫይረስ ፈታሁ፣ የኢሜይሌንና የቴሌግራሜን ቁልፎች ቀየርሁ፣ ከማያው አናት ባለችው ካሜራ ላይ ከእናቴ የቁስል ፕላስተር ቆርጬ ለጠፍሁ። ከዚያ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ዘግቼዋለሁ፣ ከእኔ በቀር የሚከፍተው የለም አልኋት። ያኔ ጋቢውን ወደ ታች ለቀቀችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳጥባት ሁልጊዜ አስቀድማ «ዘግተሽዋል?» ትላለች፤ ዘግቻለሁ ካላልኋት ጀርባዋን አትሰጠኝም። እኔም አላምን ብዬ ተነሥቼ አይቼው እመለሳለሁ። እረፍት ያጣሁት በዚህ ነው። ቁስሉ ግን መድረቅ ጀምሯል።

በመንደሩ «ምን ደብቃ ነው?» መባሉን ሰምቻለሁ። ዶላር ነው ያለ አለ፣ የውጭ አገር ሰው ወዳ ነው ያለችም አለች፤ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ተስፋ ስለጣላችሁብኝ ሳላመሰግን አላልፍም። እርስዎም በጎረቤታችን በወይዘሮ ቢሊሴ ለቅሶ ላይ «የሚደብቀው የሌለ ሰው ቁልፍ ምን ያደርግለታል?» ብለው በለቀስተኛው ፊት ተናግረዋል፤ ንግግሩ ተወዶልዎታል። ግቢዎ ባለ ሁለት ቁልፍ የብረት በር፣ አጥሩም አናቱ ላይ የጠርሙስ ስብርባሪ እንዳለው ስንት ዓመት ሳልፍ ሳገድም አይቻለሁ፤ ምን ደብቀው ነው ብዬ ግን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ክቡር ሆይ፣ የዕድሩን ሥራ እምቢ አላልሁም። ዝርዝሩን ስጡኝ፣ እኔ ራሴ ጽፌ፣ አትሜ፣ ቤትዎ ድረስ አመጣለሁ። ወንበሬን፣ ድስቴን፣ ጉልበቴንም ውሰዱ። ኮምፒውተሩ ግን እንደተዘጋ ይኖራል። የጥሪውን ቃል ለእናቴ ሳነብላት፣ መሰረዝ የሚለው ጋ ስደርስ ትደነግጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን «ስሞት ማንም ይቅበረኝ፣ ሬሳ ደጅ አያድርም፤ በሕይወት እያለሁ ጀርባዬን ሸፍኝልኝ» አለችኝ። ዕድር ማለት የሰውን ገበና መሸፈን መስሎኝ ነበር የኖርሁት፤ ለሙት የምንዘረጋውን ሸራ ለቋሚ መንፈጋችን አልገባኝም።

ጉባኤው የበረከት፣ የጉባኤው ሰብሳቢም የረጅም ዕድሜ እንዲሆኑልን እየለመንሁ፣ ነጠላዬን አደግድጌ፣ ከወንበሬ ተነሥቼ፣ እጅ እነሣለሁ።

ወርኃዊ መዋጮዋን አሳድራ የማታውቅ፣
እስከ እሑድ ድረስ አባልዎ የሆነች፣
መምህርት አበዛሽ ንዋይ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በትእዛዝዎ ምንም ሳይቀር በተገለበጠው ፍላሽ ውስጥ፣ ከዕድሩ ዝርዝር አጠገብ፣ በእርስዎ ስም የተሰየመ ሌላ ፎልደር ይገኛል። ቫይረሱን ሳስጠርግ የዕድሩ መስሎኝ ከፍቼው፣ ምን እንደሆነ እንደገባኝ ዘግቼዋለሁ። ወንጀል አይደለም፣ ነውርም አይደለም፤ እንደ እናቴ ጀርባ የሰው ገበና ነው። ምን እንደያዘ ለማንም አልተናገርሁም፣ ወደፊትም አልናገርም፤ አነሣ ያሉኝ ቁልፍ እስከ ዛሬ የእርስዎንም ሲጠብቅ ቆይቷል። እሑድ ዕለት ኮምፒውተሩ በጉባኤው ፊት ይከፈት ካሉ ግን፣ ዕድር ያዘዘኝን እምቢ የምል ሰው አይደለሁምና ተሸክሜው እመጣለሁ፤ ብቻ ከማን ፎልደር እንደምንጀምር እርስዎ ይወስኑልኝ።