አርባ ስምንት ደረጃ

ለልጄ እናት፣

እንደምን ነሽ? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ ውሎሽ እንዴት ነው? ብርድ በገባ ቁጥር የሚያንገላታሽ ጉንፋን ዘንድሮ ማረሽ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ደብዳቤ የሚጀመረው እንደዚያ ነውና። ግን ደህና ብሆን ኖሮ እንደማልጽፍልሽ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። ከተለያየን አሥራ ሁለት ዓመት ሆነን፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ የእጅ ጽሕፈቴን ያየሽው የልጃችን የትምህርት ቤት ቅጽ ላይ ስፈርም ብቻ ነው።

ስልክ ያልደወልኩት ንቄሽ አይደለም። ስልክ ላይ ከቃሌ ይልቅ የሚሰማው ትንፋሼ ነው። አንድ ነገር ተናግሬ ሳልጨርስ ሁለቴ ሦስቴ አየር ፍለጋ እሄዳለሁ፤ አንቺ ደግሞ ሰው ሲያለከልክ ስትሰሚ ትደነግጫለሽ። ወረቀት ላይ ግን እንደ ልቤ አርፋለሁ፣ ማረፌንም አታዪም። ቴምብር ገዝቼ ኪሴ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ነገ ጠዋት ፖስታ ቤት አስገባዋለሁ።

ነገሩን ሳላድበሰብስ ልንገርሽ። ሳንባዬ ላይ አንድ ነገር አይተዋል። በቀኝ በኩል፣ ላይኛው ጫፍ ላይ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል። ሳሉ አልለቅ ሲለኝ ራጅ ልነሳ ሄጄ ነው የተገኘችው። ቀጥሎ ሲቲ ስካን አዘዙልኝ። ሐኪሙ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረና ካንሰር ልትሆን ትችላለች፣ የድሮ ጠባሳም ልትሆን ትችላለች፣ አውጥተን ካላየናት ቁርጡን ልነግርዎት አልችልም አለኝ። ታዲያ በመርፌ ትንሽ ቀንሳችሁ ለምን አታዩም ብዬ ጠየቅኩት። የእርስዎ ሳንባ በመርፌ ከተነካ እንደ ጎማ ሊተነፍስብኝ ይችላል፣ አልደፍርም አለ።

እንዲህ ያለው ኤምፊዚማ የሚሉት በሽታ ስላለብኝ ነው። ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ ለልጃችንም ሳል ነው እያልኩ ነው የኖርኩት። ምስጥ የበላው ጣውላ ታውቂያለሽ አይደል? ከላይ ሲያዩት ደህና ነው፣ ቀለሙም አይለቅም፤ ውስጡ ግን ቀዳዳ ብቻ ነው፣ ሚስማር ብትመቺበት አይነክስም። የእኔም ሳንባ እንደዚያ ሆኗል። ሐኪሙ ያቺን ቁራጭ ብናወጣት እንኳ ስፌቱ አልይዝ ሊለን ይችላል ብሎ በትልልቅ ቃል ሲያስረዳኝ፣ እኔ በሆዴ፣ ወንድሜ፣ የተበላ እንጨት ላይ ማጠፊያ ገጥሜ የማላውቅ መሰለህ እንዴ እል ነበር።

ማን በላው ብለሽ አትጠይቂኝ። ሰጋቱራው አለ፣ ቫርኒሹ አለ፣ ጆሮዬ ላይ ከእርሳሱ ጎን የምሰካት ሲጋራም አለች። ከሁለቱ አንዷን ጣል ስትዪኝ እርሳሱን እጥል ነበር። ያኔ ትስቂ ነበር። ዛሬ ብነግርሽ የምትስቂ አይመስለኝም።

ፈርቻለሁ። ይህን ቃል በሕይወቴ ለሰው ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ጠዋት ካልሲ ሳደርግ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ለመሻገር አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አርፋለሁ፤ በዚያች ዕረፍት ውስጥ ፍርሃቱ ይመጣና አጠገቤ ቁጭ ይላል። ሞትን ብቻ ብፈራ ኖሮ ማን የማይፈራ አለ ብዬ ራሴን አጽናና ነበር። እኔ የምፈራው መንቃቱን ነው። ሐኪሙ አልደበቀኝም፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሳንባዬ ሥራውን አልጀምር ካለ ከመተንፈሻ መሣሪያው ሳልላቀቅ ልቀር እችላለሁ። ዓይኔ ተከፍቶ፣ ጆሮዬ እየሰማ፣ ጉሮሮዬ ውስጥ ቱቦ። ዕድሜዬን ሙሉ መናገር እየቻልኩ ዝም ያልኩ ሰውዬ፣ መናገር በፈለግኩ ቀን አፌ ተዘግቶ አስቢኝ እስቲ። የፈሩት ይደርሳል የሚሉት ተረት ጆሮዬ ላይ ይጮህብኛል።

አለመቀደዱንም እፈራለሁ። ካንሰር ከሆነች ዝም ብላ አትቀመጥማ። ጠባሳ ከሆነች ደግሞ ለባዶ ነገር ደረቴን ተከፍቼ፣ ያለችኝንም ትንሽ ትንፋሽ አስረክቤ ልመለስ ነው። በየትኛውም በር ብገባ የሚጠብቀኝ ነገር አለ።

ሐኪሙ ለቀዶ ጥገና እንዲሁ አላስተኛዎትም አለኝ። አንድ ቱቦ ሰጥተው ይንፉ አሉኝ፣ ነፋሁ፤ ቁጥሩን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሁለት ፎቅ ሳያርፉ መውጣት ከቻሉ ለመሞከር እደፍራለሁ አለ። ነርሷን ስጠይቃት እስከ ሁለተኛው ፎቅ አርባ አራት ደረጃ ነው አለችኝ። ልብ በይ፣ ለእኔ ለደረጃ አናጢው! ከደስታዬ ብዛት በሽታውን ረሳሁት። መጋዝ ይዤ ከኖርኩበት ዘመን ግማሹን ደረጃ ስሠራ ነው የፈጀሁት፤ ከዚህ የተሻለ ፈተና ማን ይሰጠኛል ብዬ ወደ ቤት ሄድኩ።

ሦስት ሳምንት ተለማመድኩ። ቤታችን፣ ቤቱ ልበል እንጂ፣ አልተለወጠም። ወርክሾፑና ኩሽናው ታች፣ መኝታው ላይ ነው፤ በመካከላቸው ያ ሃያ ደረጃ። ወጥቼ፣ ወርጄ፣ ደግሜ ወጥቼ፣ ወርጄ፣ አራት ስጨምርበት አርባ አራት ይሞላል። በመጀመሪያው ቀን አሥራ ሁለተኛው ላይ ተዘርግቼ ቀረሁ። በሦስተኛው ሳምንት ግን መደገፊያውን እንደያዝኩ ጨረስኩት። ስወርድ ማረፌን እንኳ እንደ ማረፍ አልቆጠርኩትም። ለብቻዬ ኩሽና ውስጥ ቆሜ እጄን አጨበጨብኩ ብልሽ ታምኚኛለሽ?

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ባለፈው ሰኞ ነርሷ ጣቴ ላይ የኦክስጅን መለኪያ ሰክታ ከኋላዬ ተከተለችኝ። አሥሩን በደህና ወጣሁ። ሃያኛው ላይ እግሬ አንድ ነገር ሊነግረኝ ፈለገ፣ አልሰማሁትም። ሠላሳ ሦስተኛው ላይ ዓይኔ ጨለመ፣ ተቀመጥኩ። ትንፋሼ እስኪመለስ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ አላውቅም። ሲመለስ ግን መጀመሪያ ያደረግኩት ኪሴ ገብቼ ሜትሬን ማውጣት ነበር፤ ሆስፒታልም ቢሆን ሜትር ከኪሴ አይለይም። የተቀመጥኩበትን ደረጃ ከፍታ ለካሁት። አሥራ ስምንት ሳንቲ። ነርሷ አባባ ምነው፣ አመመዎት ወይ፣ ሐኪም ልጥራ ወይ ትለኛለች፤ እኔ ደረጃችሁ አሥራ ስምንት ነው እላታለሁ። እኔ አልሠራሁትም እኮ አለችኝ ምስኪን። ከሳቅና ከሳል የትኛው እንደቀደመኝ እንጃ።

ቤት ገብቼ የራሴን ለካሁ። አሥራ አራት ተኩል። ሰው ቤት በእንግድነት ስገባ እንኳ ሰላምታ ሳልሰጥ ደረጃውን በዓይኔ የምለካ ሰውዬ፣ የገዛ እጄን ሥራ ሳልለካ በእሱ ተለማመድኩ። እግሬ በሠላሳ ዓመት ለምዶት ደረጃ ሁሉ እንደዚያ መስሎታል። በአርባ አራት አባዝቼ አየሁት፤ ልዩነቱ አንድ ሜትር ከሃምሳ አራት ሳንቲ ነው። ያንቺ ቁመት። የኩሽናውን መደርደሪያ ስሰቅል ለክቼሻለሁና አልሳሳትም።

የተጣላንበትን ቀን ታስታውሻለሽ? ከተጋባን ዓመት አልሞላንም ነበር። ደረጃ ዝቅ ሲል ቁጥሩ ይበዛል፣ ቁጥሩ ሲበዛ ደግሞ ይረዝማል፤ የኛም ረዝሞ ኩሽናሽ ውስጥ ገባና ቁም ሳጥን ልታቆሚበት ያሰብሽውን ግድግዳ በላብሽ። ሰው ሁሉ በአሥራ ስድስት ደረጃ የሚወጣውን አንተ ሃያ ያደረግከው ለምንድን ነው ብለሽ ጮኽሽብኝ። ጣውላ ተርፎኝ ነው አልኩሽ። ጣውላ ስለተረፈህ ኩሽናዬን ትቀማኛለህ ወይ ብለሽ ሦስት ቀን አኮረፍሽኝ። እኔም አፌን ዘግቼ መላጊያዬን ስገፋ ሰነበትኩ።

ከመጋባታችን በፊት አንድ ነገር ቃል አስገብተሽኝ ነበር። ከልጅነትሽ ጀምሮ ስለምታነክሺው ግራ እግርሽ በቤትሽ ውስጥ ማንም እንዳያነሳ፣ እንዳያዝንልሽ፣ እጁንም እንዳይዘረጋልሽ። ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ ዛሬም አላፈርሰውም። ስለ ደረጃው ግን ቃል አላስገባሽኝም፤ ስለዚህ ይህን ብቻ ልበል። ጣውላው ተርፎ አልነበረም። እንዲያውም አንሶኝ፣ ለራሴ የሥራ ጠረጴዛ ያስቀመጥኩትን ቆርጬ ነው የጨረስኩት።

ዝምታ ወርቅ ነው ሲሉ ሰምቼ ወርቄን ሳከማች ኖርኩ። አንቺ ደግሞ ከግድግዳ ጋር መኖር ሰልችቶኛል ብለሽ ሻንጣሽን ይዘሽ ወጣሽ። አልፈርድብሽም። ያን ቀን በዚያ ደረጃ ስትወርጂ ታች ቆሜ አይቼሻለሁ፤ አንድ ጊዜም መደገፊያውን ሳትይዢ ነው የወረድሽው። ሂጂ ብዬ አይደለም ዝም ያልኩት። የምለው ጠፍቶኝ ነው።

ሐኪሙ በመጪው ሰኞ አንድ ዕድል ሰጥቶኛል። አርባ አራቱን ሳላርፍ ከወጣሁ ሐሙስ ይቀደኛል። ካልወጣሁ ቢላው ይቀርና በጨረር እንሞክራለን፣ ከዚያም እንጠብቃለን አለኝ። ምኑን ነው የምንጠብቀው ብዬ አልጠየቅኩትም። ጉዱን ልንገርሽ፦ ሰኞ እንዳይሳካልኝ እፈራለሁ፤ ከዚያ ደግሞ ቢሳካልኝስ ብዬ ያንኑ ያህል እፈራለሁ።

በቤቴ ደረጃ መለማመድ እንደማይረባኝ ገብቶኛል። ከሆስፒታሉ ሌላ አሥራ ስምንት ሳንቲ ያለው፣ የማውቀው ደረጃ አንድ ብቻ ነው፤ ያንቺ ሕንፃ። ልጃችንን ልወስድ ስመጣ ሁልጊዜ ታች ቆሜ ነበር የምጣራው፤ አንድ ቀን ስትዘገይብኝ የመጀመሪያውን ደረጃ ለክቼዋለሁ። እሷ ትንሽ ሳለች እየቆጠረች ትወርድ ነበርና እስከ በርሽ አርባ ስምንት እንደሆነ ነግራኛለች። ሊፍት የለውም። በየቀኑ ስትወጪውና ስትወርጂው ሳስብ አንድ ነገር ልል እነሳና ቃሌ ትዝ ይለኛል።

ለልጃችን እስከ ሐሙስ አትንገሪያት። ፈተና ላይ ናት፤ የአባቷ ሳንባ ተጨምሮባት አትውደቅ። ሐሙስ ከሆነና ከዚያ በኋላ መናገር ካልቻልኩ፣ የወርክሾፑ ቁልፍ የት እንደሚቀመጥ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ቦታውን አልቀየርኩትም። ኩሽናው ውስጥ ያለው መደርደሪያም በቁመትሽ ልክ እንደተሰቀለ ነው፤ እኔ ዕቃ ለማውረድ አሁንም ጎንበስ እላለሁ።

ያስቀየምኩሽን ሁሉ፣ የተናገርኩትንም ሳይሆን ያልተናገርኩትን፣ ይቅር በዪኝ። ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናው፣ መንገድሽን ያቅናልሽ። ልጃችንን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልን፤ ያን ቀን ሁለታችንም በአንድ ጎን ቆመን እንድናይ ዕድሜ ይስጠን። ጉንፋኑም ዘንድሮ ይማርሽ።

የልጅሽ አባት

ይህችን የጻፍኩት በእርሳስ ነው፣ ጉልበቴ ላይ አስደግፌ፤ ፊደሉን ታገሺኝ። ቴምብሩ አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ አርፌያለሁ፣ አርባ አንደኛው ላይ፤ ለሰኞ ምን እንደሚሆን እንጃ። ወረቀቱን በበርሽ ሥር አሳልፈዋለሁ። በሩን ስትከፍቺ አትደንግጪ። ትንፋሼ እስኪመለስ ምንም አትጠይቂኝ፤ ከዚያ በኋላ እኔ እናገራለሁ።