መስቀል ያለባቸው ጠርሙሶች

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፣ አሰብ ወደብ ለሚገኘው ለጋሼ ገብረየስ።

ለመሆኑ እንዴት ነህ? ያ የአሰብ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ሣጥን ስታነሳ የተቀጨው ወገብህስ ተሻለህ ወይ? እትዬ ወርቅቱስ እንዴት ናት? ልጆቹስ አደጉ? እኔና እማዬ ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእማዬ የጉልበት ሕመም እንዳለ ነው፤ ቢሆንም ለገበያ ሲሆን ማንም አይቀድማትም። እኔም በጤናዬ ደህና ነኝ፤ አንጀቴ ግን እርር ብሏል። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ የቀደድኩት ስድብ እየበዛበት አስቸግሮኝ ነው።

ነገሩ የገለቴ ነው። ባለፈው እንደ ጻፍኩልህ፣ ገለቴ የቡራዩው የኦቦ ኢተፋ ልጅ ናት፤ ከእኛ ጓሮ ያለችውን ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። በለስላሳው ፋብሪካ እኔ የታጠበውን ባዶ ጠርሙስ እያገላበጥኩ እለያለሁ፤ እሷ የተሞላውን እያነሳች ሣጥን ውስጥ ትደረድር ነበር። በታኅሣሥ አንዱ ጠርሙስ እጇ ላይ ፈነዳና ስባሪው ግራ ዓይኗን አጠፋው። ገና ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ጋሼ።

ካቦአችን አቶ ወንዳፍራሽ «አጋጭታው ነው» አለ። በሦስተኛው ቀን ሐኪም ቤት ድረስ ሄዶ፣ ፊቷ በፋሻ እንደ ተጠቀለለ፣ «የሕክምናሽ ወረቀት ነው» ብሎ አውራ ጣቷን ቀለም አስነክቶ አስፈረማት። ወረቀቱ ምን ይላል መሰለህ? «በራሴ ጥንቃቄ ጉድለት ስለ ተጎዳሁ ከሥራ ለመሰናበት ተስማምቻለሁ» ይላል። ማንበብ የማትችል ልጅ፣ ያውም በዚያ ሕመም ላይ! ይሄን ሠርቶ ማታ ቤቱ ገብቶ እራት ይበላል።

እኔን የሚበላኝ ደግሞ ሌላ ነው። ከጠርሙሶቹ አንዳንዶቹ ቂጣቸው ላይ መስቀል ነበራቸው። እኛ ሴቶቹ መስቀሉን ስናይ ደስ እያለን ለብቻ እናስቀምጣቸው ነበር። ለእማዬ ጠበል የማመጣላት እንኳ በነሱ ነበር። ገለቴ ከአደጋው በፊት «ይሄኛው ሲነካ ድምፁ ይለያል፤ ስስ መሰለኝ» ብላኝ ነበር። እኔ ብልጧ «መስቀል ያለበትማ ምን ይሆናል!» ብዬ አፏን አስያዝኳት። ያን ቀን እጇ ላይ የፈነዳው መስቀል ያለበት ነው። የቂጡን ስባሪ ከወለሉ ላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ።

አንተ በጥር «ያ የእምነት ምልክት አይደለም፤ ባሕር ማዶ ያለው ጠርሙስ ሠሪ የራሱን ማኅተም ነው የሚያትምበት፤ እያንዳንዱ ሠሪ የየራሱ አለው» ብለህ ስትጽፍልኝ ዓይኔ ተከፈተ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቆሻሻው ክምር የፈነዱትን ጠርሙሶች ቂጥ መልቀም ጀመርኩ። ቂጡ ወፍራም ስለሆነ ሌላው ሲደቅ እሱ ይተርፋል። ሠላሳ አንድ ሰበሰብኩ። ሁለቱ ኮከብ ያለባቸው ናቸው። ሃያ ዘጠኙ ግን ክብ ውስጥ መስቀል፣ ከሥሩም አራት ቁጥር አለባቸው። በከረጢት ይዤ ለካቦው ባሳየው «አንቺ ደግሞ መቼ ነው የፈረንጅ ማኅተም ማንበብ የተማርሽው?» ብሎ ሳቀብኝ።

በሳምንቱ ምን ሆነ መሰለህ? ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ ሥራ አስኪያጁ ካቦውን አመሰገኑት! የሚፈነዱትን ጠርሙሶች ምልክት ያገኘው እሱ ነው ተባለ። «ስለታም ዓይን ያለው ሰው» አሉት። የማን ዓይን እንደ ጠፋ ያነሳ ግን የለም። ይሄ ሰውዬ የእኔን ከረጢት የራሱ አድርጎ፣ የገለቴን ወረቀት እንደ ነበረ ተወው።

እግዚአብሔር ግን ያያል። መስቀል ያለባቸው ጠርሙሶች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ የአንደኛው መስቀል ክብ ውስጥ ነው፣ የሌላኛው አራት ማዕዘን ውስጥ። ካቦው ይህን መች ያውቃል! እንዲለይ ሲታዘዝ አራት ማዕዘን ያለባቸውን ደህናዎቹን አስወጥቶ የሚፈነዱትን ክቦቹን ወደ መስመሩ መለሳቸው። ባለፈው ማክሰኞ በአንድ ጠዋት ሦስት ፈነዱ። የተጎዳ ሰው አለመኖሩ ተአምር ነው። ሥራ አስኪያጁ እየሮጡ መጥተው «ይሄን ነገር በትክክል የሚለይ ማነው?» ሲሉ ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ጠቆሙ።

«እለያለሁ፤ ግን በመጀመሪያ የገለቴ ወረቀት ይቀየር» አልኩ። «ይሄ ከዚያ ጋር ምን ያገናኘዋል?» አሉኝ። ከታኅሣሥ ጀምሮ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ የያዝኩትን ስባሪ ፈትቼ ፊታቸው አስቀመጥኩት። «ያገናኘው ይሄ ነው፤ ዓይኗን ያጠፋው» አልኳቸው። አገላብጠው አዩት፤ ክቡን አዩ፣ መስቀሉን አዩ፣ አራት ቁጥሩን አዩ። ከዚያ ካቦውን አዩት። እሱ መሬት መሬቱን ያያል።

በማግስቱ ገለቴ ተጠራች። ጥፋቱ የጠርሙሱ እንደሆነና ወደ ሥራዋ እንደምትመለስ የሚል አዲስ ወረቀት ተጻፈ። ካቦው ራሱ ቀለሙን አቀረበላት። እሷ ግን አውራ ጣቷን ጨብጣ ደበቀችና «መጀመሪያ ማሪቱ ታንብብልኝ» አለች። አነበብኩላት። ከዚያም በኦሮምኛ ደገምኩላት። ካቦው ቀለሙን እንደ ያዘ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ በኋላ ነው የፈረመችው።

አሁን እኔ ጋ ሆና ትለያለች። ሳታይ በአውራ ጣቷ ዳበስ አድርጋ «ክብ ነው» ብላ ታስወግዳለች፤ እስካሁን አልተሳሳተችም። ካቦው ግን ያው ካቦ ነው፤ ይቅርታ የምትል ቃል ከአፉ አልወጣችም። ዓይንም አይመለስም። ስለዚህ ንዴቴ ገና አልወጣልኝም፣ አትፍረድብኝ። አንተም እባክህ ያ ማኅተም ያለበት ዕቃ ከመርከብ ሲወርድ ካየህ ወደ ሌላ ከተማ ከመጫኑ በፊት ለአለቆችህ ንገርልኝ። እዚያም ጠርሙስ የምታነሳ የሰው ልጅ አለች።

እትዬ ወርቅቱን በጣም ሰላም በልልኝ፤ ሻሽዋ ደርሶኛል፣ ለፋሲካ አስረዋለሁ። ልጆቹን አንድ በአንድ ሳምልኝ። እማዬ «ወገብህን በሙቅ ቅባት አሳሽ» ብላለች፤ ጠበሏንም ከጠርሙሱ ወደ እንስራ እንደ መለሰችው ንገሪው ብላኛለች። ኦቦ ኢተፋም ለአንተ ለማያውቁት ሰው ምርቃት ልከዋል።

ከስሜ ጎን ያለው የጣት አሻራ የገለቴ ነው። ደብዳቤውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቤላት፣ ልክ ነው ብላ ያሳረፈችው ነው።

እህትህ ማሪቱ

ሰበታ፣ መጋቢት 12 ቀን 1958 ዓ.ም.