የአብዱላሂ ካፖርት

ነገሌ ቦረና
ጥር 9 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለአብዱላሂ አባት ለራሺድ፣ ሀገረ ማርያም

አሰላሙ ዓለይኩም። ትተኸኝ ከሄድክ ሰባት ዓመት ሆነ፤ አንድ መስመር ጽፌልህ አላውቅም። ዛሬም የጻፍኩት ናፍቄህ አይደለም፤ የጭነት መኪና ስላለህ ነው።

ልጃችን ለውትድርና ተወስዶ ከደሴ ወዲያ አንድ ተራራ ላይ ነው። በጥቅምት የጻፈው ደብዳቤ በኅዳር ደረሰኝ። ጠዋት ጠዋት ውኃው በኮዳው ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ይገኛል ይላል። «ሁለት የእግሬ ጣቶች ጠቁረዋል፣ ግን አያሙኝምና አታስቢ» ይላል። ባመመው ይሻለኝ ነበር። በዚህ ቆላ ያደገ ልጅ ብርድን የሚያውቀው በወሬ ነው።

ካፖርት ገዛሁለት፤ ከሞያሌ የመጣ ወፍራም ሰልባጅ። የፍየል ቆዳ አልፍቼ ውስጡን ገበርኩት። የተነጠረ ቅቤም በቆርቆሮ ጨመርኩ። ሾፌሩን ዋሪዮን ታውቀዋለህ፤ የሰው ዕቃ ጥሎ አያውቅም። እሱ እስከ አዲስ አበባ ሊያደርስ፣ ከዚያ የደሴ ሾፌር ጓደኛው ተቀብሎ እስከ ጦሩ ሊወስድ ተስማማን።

ጥፋቴን ልንገርህ። እናቴ ጭነት ስትልክ በከረጢቱ አፍ ላይ ለምልክት ቀይ ክር ትቋጥር ነበር፤ የገበያው ሴቶች ዛሬም እንደዚያው ናቸው። እኔ ግን ፊደል ቆጥሬያለሁ አልኩ። ዕቃው እንዳይጠፋ ስሙን፣ የክፍለ ጦሩን ቁጥርና የተራራውን ስም መዳፍ በሚያህል ፊደል ከረጢቱ ላይ ጻፍኩ። ኬላ ላይ አነበቡት። ጦሩ የሰፈረበትን ለመንገደኛ ሁሉ የሚያወራው ማነው ብለው ዋሪዮን አሥራ ሰባት ቀን አሰሩት። ካፖርቱም እዚያው ቀረ።

ፊደል ያስቆጠረችኝ እዚህ ጦር ሠፈር ያለው የሃምሳ አለቃ ሚስት እናትነሽ ናት። «እትዬ ቀድሪያ፣ የጦር ቁጥር ከረጢት ላይ ይጻፋል?» አለችኝ።

«ሁለት ዓመት ስታስተምሪኝ የማይጻፍ ነገር እንዳለ መች ነገርሽኝ?» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ የሚጭንልኝ የለም። ሌላውን ሾፌር ጃልዴሳን መኪናው ድረስ ሄጄ ለመንኩት። «ሃዳ አብዱላሂ» ብሎ በልጄ እናትነት ጠርቶኝ፣ «ግመል ቢሆን እጭንልዎታለሁ፤ የእርስዎን ፊደል ግን አልጭንም» አለኝ። ሾፌሮቹ ሁሉ ሳቁ። አንተም መሠረተ ትምህርት የገባሁ ጊዜ «ጥርሷ ሲረግፍ ፊደል አማራት» ብለህ በገበያ አሳቅህብኝ። አሁንም ሳቅ፤ ይገባኛል። ስቀህ ስትጨርስ ግን መኪናህን አስነሳ።

ሌላ ካፖርት አግኝቻለሁ፤ እንደ ፊተኛው አይሞቅም። እህትህ ሸምሳ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታመጣልሃለች። ጥቅሉ ላይ አንድም ፊደል የለበትም። ልጁ ያለበትንም በቃሏ ይዛዋለች፤ እሷ ትንገርህ። ወደ እኔ ተመለስ አላልኩህም። ከሚስትህም ጋር ጠብ የለኝም። ቡናህን አዲስ አበባ ካራገፍክ በኋላ ጥቂት ቀን ጨምርልኝ ነው የምልህ። በሰው እጅ አልፎ የሚደርስ ነገር እንደሌለ አይቻለሁ።

ከዚያች ከኅዳሯ ደብዳቤ ወዲህ ሌላ አልመጣም። እናትነሽ ከጦር ሠፈሩ ወሬ ታመጣልኝ ነበር፤ ሰሞኑን ከሩቅ ስታየኝ መንገድ ትቀይራለች። እኔም ተከትዬ አልጠየቅኳትም።

አላህ ዳገቱን ያቅልልህ፣ በሰላም ያድርስህ። ስታገኘው ራስህ አልብሰው፤ ቁልፉን እስከ አንገቱ ድረስ ቆልፍለት። ካጣኸው ግን ካፖርቱን ወደ ነገሌ መልሰህ አታምጣብኝ። እዚያ ለሚንቀጠቀጥ ለማንም ልጅ ስጠው።

የአብዱላሂ እናት
ቀድሪያ