የታችኛው እጅ

ውድ እህቴ የዓለምወርቅ፣

ከሰላምታም ከሌላም በፊት ይህን እወቂልኝ፤ ከፍሬዘር ልብስ ጋር የላክንልሽን፣ አንቺም «በልጄ መቃብር ድንጋይ ላይ ይቀረጽልኝ» ያልሽውን የነፍስ አድን ክፍሉን የጥልፍ ዓርማ የሣልኩት እኔ ነኝ። በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ልቅሶሽ ቀደመኝ። ይህን ሳታውቂ ድንጋዩ ላይ ቢሰፍር ግን ልጅሽን ከማጣትሽ ላይ ሌላ በደል መጨመር ይሆንብኛል።

አሁን እንደ ወጉ ልጠይቅሽ። እንዴት ነሽ? ወገብሽ ተሻለሽ? እህል ይወርድልሻል? አሠሪዎችሽ ለሐዘንሽ ጥቂት ቀን እንኳ ሰጡሽ? ቤይሩት አሁን ብርድ ነው አሉ፤ ራስሽን አትጣይ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽሽም። ባለቤቴ አየለች ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ፍሬዘር ከካምፕ የሚመጣ ይመስል አልጋውን ታነጥፋለች፤ እኔም ተይ አልላትም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ክፍሉ በ2002 እዚህ ሲቋቋም፣ ሥዕልም አስተምር ስለነበር አዛዡ ዓርማ ሣልልን አሉኝ። የፈለጉት ንስር ነበር። «ንስር ከላይ ሆኖ ያያል እንጂ ወርዶ ሰው አያወጣም» አልኳቸውና የቦረናን ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ ሣልኩ። ልጆች ሳለን አብረን አይተናል፤ ሰዎቹ ከውኃው እስከ ጉድጓዱ አፍ ደረጃ በደረጃ ቆመው፣ የቆዳውን መቅጃ እየዘፈኑ ይቀባበላሉ። ክቡ መስመር የጉድጓዱ አፍ ነው፤ አራቱ እጆች ተቀባባዮቹ ናቸው፤ ከሥር ያለው ሰማያዊ ውኃው ነው። «የታችኛው ሳይወጣ» የሚለው ጽሑፍ የጉድጓዱ ኃላፊ የነበሩት የሽማግሌው የጂሎ ቃል ነው። እሳቸው ባሉበት፣ ከሥር የቆመው ሳይወጣ ከላይ ያለው ቦታውን አይለቅም ነበር። አዛዡ አይተው «መምህር፣ ወታደሬን ውኃ ቀጂ አደረጉት እኮ!» ብለው ሳቁ፤ ግን ተቀበሉት።

ያን ጊዜ ፍሬዘር ዘጠነኛ ክፍል ነበር። ንድፉን ስሠራ አጠገቤ ተቀምጦ «ጋሼ፣ ይሄን ከሁሉ ታች ያለውን ማን ይይዘዋል?» አለኝ። «ከላዩ ያለው» አልኩት። «ከሱስ በታች ሰው ቢኖር?» ሲለኝ፣ «ከሱ በታች ውኃ ብቻ ነው፤ አርፈህ ተቀመጥ» አልኩት። ሠላሳ አራት ዓመት ሳስተምር የተማሪ ጥያቄ እንዲህ የዘጋሁት ያን ጊዜ ብቻ አይደለም። የሚያንገበግበኝ ግን ያ ነው።

ኅዳር ላይ ዶሎ ኦዶ አጠገብ ወንዙ ሞልቶ ሰዎች ዛፍ ላይ ቀሩ። ክፍሉ ተጠርቶ እነ ፍሬዘር በገመድ ተያይዘው ገቡ፤ እሱ ከሁሉ ፊት ውኃው ውስጥ፣ ጓደኛው ቢላል ከኋላው ገመዱን ይዞ። አምስት ሰው አወጡ። ውኃው ሲብስ ተመለሱ ተባሉ። አንድ አዛውንት ግን ቅርንጫፍ ላይ ቀርተው ነበር፤ ገመዱም ሁለት ክንድ ያህል አጠረ። ቢላል ለለቅሶ ቤቴ ሲመጣ ገመዱ መዳፎቹን ልጦት በፋሻ ተጠቅልለው ስለነበር፣ አየለች ናት ውኃ ያጠጣችው። «መምህር፣ በአላህ፣ እኔ አልለቀቅኩትም» አለኝ። «‹ና ውጣ፣ አንተ ግትር!› ብዬ ስጮህበት፣ ‹የታችኛው መቼ ወጣ?› አለኝና ገመዱን ከወገቡ ፈታው።» እሱንም አዛውንቱንም ውኃው ወሰዳቸው። ፍሬዘር በሦስተኛው ቀን ተገኘ። አዛውንቱ እስከ ዛሬ አልተገኙም።

የዓርማው ትርጉም ይኸው ነው። እኔ የታችኛው ብዬ የሣልኩት ወታደሩን ነበር፤ እሱ ግን ከሱ በታች ሰው አየ። አንቺ አደራ ብለሽኝ ሄድሽ፤ እኔ ያን ቃል አስተማርኩት።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። በስልክ «የታችኛው እጅ አውራ ጣት ላይ ክሩ ተበላሽቷል፤ ድንጋዩ ላይ ይስተካከል» ብለሽኝ ነበር። አልተበላሸም። ያን እጅ የሣልኩት የፍሬዘርን እጅ እያየሁ ነው። መስመሩ፣ አንቺ ሳትሄጂ፣ ሸንኮራ ስትልጪለት ቢላዋውን ነጥቆሽ የተቆረጠበት ጠባሳ ነው። ጥልፍ ሠሪው ላጥፋው ሲለኝ ተወው ያልኩት እኔ ነኝ።

አየለች እንባዋን እየጠረገች ሰላም ትልሻለች። ልጄ ኡርጂ ትስምሻለች፤ ፎቶሽን ላኪልኝ ብላለች። ጎረቤታችን ኦቦ ዲዳም «ናጋ በሏት» ብለው ሰላምታ ልከዋል። ደብዳቤውን ይዛልሽ ለምትመጣው ልጅ ለሚስጥር ምስጋናዬን ንገሪልኝ።

ድንጋይ ጠራቢው ዓብዱልሀኪም ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን ቀርጾ፣ ለዓርማው ቦታ ትቶ ይጠብቃል። በየካቲት መጨረሻ ለሥራ ወደ ሜጋ ይሄዳል። ዓርማው ይቀረጽ ወይስ ቦታው ባዶውን ይቅር? ከተቀረጸስ ጠባሳው ይኑርበት? ያላንቺ ቃል መሮ አይነሣም፤ እባክሽ ፈጥነሽ መልሽልኝ።

ወንድምሽ ወንዶሰን
ነገሌ ቦረና፣ ጥር 19 ቀን 2016 ዓ.ም.