በሶፍትቦል ጉዳይ ሽማግሌ ተላከብኝ

ውዴ ደሬ፣

ከሄድክ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል፤ አንተን ግን ምን ብዬ እንደምጠይቅህ ስላላወቅሁ የራሴን ልንገርህ። ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ኤደንም ደህና ናት። አሥራ አንደኛ ክፍል ገብታለች፤ ቁመቷ በልጦኝ አሁን የምቆጣት ቀና ብዬ ነው። ሰፈራችን ሪጀንት ፓርክ እንደተውከው አይደለም፤ ከመስኮታችን ፊት ለፊት ሌላ ፎቅ ቆሞ ሰማዩን ወስዶብናል። ሊፍቱ ግን አሁንም እንደተበላሸ ነው። ይህን የምነግርህ ብዙ ነገር ያመለጠህ እንዳይመስልህ ብዬ ነው።

የምጽፍልህ ግን የምናዘዘው ነገር ስላለኝ ነው። ልጃችን ሆስፒታል ሳለህ የገባችልህን ቃል አልጠበቀችም። ሶፍትቦል ትታለች። እንድትተው የፈቀድኩላት ደግሞ እኔ ነኝ። አሁን አትቆጣ፤ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ስማኝ። ስናገር መሃል መግባት ልማድህ ነበር፤ ዛሬ እንኳ ተራው የእኔ ነው።

ሶፍትቦሉ ያንተ ነገር ነበር። ስድስተኛ ክፍል ሳለች ታክሲህን መናፈሻው ዳር አቁመህ ሴት ልጆች ኳስ በዱላ ሲመቱ አየህ። ግማሾቹ ይጫወታሉ፣ ግማሾቹ አግዳሚ ላይ ተደርድረው ሱፍ ይፈለፍላሉ። ቤት ስትገባ «አስቴር፣ ይሄ የኛ ጨዋታ ነው፤ ተቀምጦ ሱፍ የሚበላበት ስፖርት አገኘሁላት» አልከኝ። በማግስቱ አስመዘገብካት። ሃይስኩል ስትገባም የትምህርት ቤቱ ቡድን ወሰዳት፤ ካቸር አደረጓት። ከመቺዋ ጀርባ ቁጢጥ ብላ፣ ፊቷን በማስክ ሸፍና ኳስ የምትቀልበው እሷ ሆነች። አንተም ተጣጣፊ ወንበርህን ከአጥሩ ኋላ ዘርግተህ፣ ያንን ቡናማ ጃኬትህን ለብሰህ፣ በአንዲት ቃል ጨዋታውን መምራት ጀመርክ። «ሩጪ!»

ቁጢጥ ብላ ለተቀመጠች ልጅ ሩጪ። ለምትወረውረዋም ሩጪ። አንድ ቀንማ ለተጋጣሚዎቹም ሩጪ ብለህ ተቀይመውህ ነበር። ሕጉን አንድም ቀን ሳትማር ዓመታት አለፉ፤ የቡድኑ ልጆች በሙሉ ግን ከአማርኛ አንዲቷን ቃል ተማሩ። ኪያራ የምትባለው ረጅሟ ልጅ ዛሬም ዳንዳስ መንገድ ላይ ስትሪትካር ባቡሩ ውስጥ ስታየኝ በሰላምታ ፋንታ «ሩጪ!» ትለኛለች። ሰዉ ዞሮ ያየኛል።

በመጨረሻው ሳምንትህ ኤደንን አስጠርተህ «አሥራ ሁለተኛን እስክትጨርሺ ኳሱን እንዳታቆሚ» አልካት። «ኦኬ ባባ» አለችህ። ከዚያ ሾርባው መጥቶ እንደሆነ ጠየቅክ።

ያለፈው ጸደይ ላይ ወንበርህን እኔ ወረስኩት። በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ካሉት ባልደረቦቼ ጋር ሽፍት እየተቀያየርኩ አንድ ጨዋታ አላመለጠኝም። ጃኬትህን ለበስኩ፣ ቦታህ ላይ ተቀመጥኩ፣ ሩጪ ብዬም ጮኽኩ። ምን እየሆነ እንደነበር አንድም አልገባኝም፤ ግን ደስ ይለኝ ነበር። ለሁለት ሰዓት ያህል አንተ ያለህ ይመስለኝ ነበር።

ዘንድሮ ልምምድ ሲጀመር ኤደን ላቆም አለች። መጀመሪያ ጉልበቴን አመመኝ አለች፤ ቅባት ገዛሁላት። ቀጥሎ የቤት ሥራ በዛብኝ አለች፤ ዕቃ ማጠቡን ተውኩላት። በመጨረሻ «ማሚ፣ አይ ጀስት ዶንት ዋንት ቱ» አለችኝ። እኔም «ለአባትሽ ቃል ገብተሻል» ብዬ ዘጋሁት። አባትሽ ባልኩ ቁጥር ዝም ትላለች። ዝምታዋ እሺታ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። የቤተ ክርስቲያናችን ጋሽ ታደሰ ነው፤ ከኋላው ሌሎች ሁለት ወንድሞች አሉ። ሦስቱም ሙሉ ልብስ ከነከረባታቸው። የጋሽ ታደሰን ኮት ታውቀዋለህ፤ ቁልፉ መዘጋት ካቆመ ቆይቷል። ጫማቸውን አውልቀው ገቡና በካልሲ ቆሙ። «ጋሼ፣ ይቀመጡ እንጂ» ብል «አንቀመጥም» አለኝ። «አንድ ጉዳይ ይዘን መጥተናል፤ እሺ እስክትዪን አንቀመጥም።»

ደሬ፣ ክው አልኩ። በሕይወቴ ተቀመጡ ሲባሉ አንቀመጥም ያሉ ሰዎች ያየሁት አባቴ ቤት ነው፤ የላክሃቸው ደግሞ አንተ ነህ። ወዲያው ገባኝ። አንድ ሰው እኔን ለትዳር ጠይቋል።

አላስጨረስኳቸውም፤ እንዲያውም አላስጀመርኳቸውም። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ንግግር አደረግሁ። ባሌ ካረፈ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም አልኩ። የላካችሁ ሰው ጨዋ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ እኔ ግን የማሳድጋት ልጅ አለችኝ፤ ልቤም አልተዘጋጀም አልኩ። ጌታ የተሻለች ያዘጋጅለት ብዬም መረቅሁት። እንባዬ መጣ። ጋሽ ታደሰ እስክጨርስ ጠበቀኝ፣ ጉሮሮውን ጠረገና «አስቴር እህቴ፣ እኛ የመጣነው በሶፍትቦል ጉዳይ ነው» አለ።

አንደኛው ወንድም ጣሪያውን አየ። ሌላኛው የካልሲውን ቀዳዳ በሌላ እግሩ ሸፈነ። አልዋሽህም፣ ከማፈሬም በላይ ትንሽ ቅር አለኝ። ለካ አንድም ጠያቂ የለኝም። እየሳቅክ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሳቅ።

«ማን ነው የላካችሁ?» አልኩ። ሦስቱም ወደ መኝታ ቤቱ ዞሩ። በሩ ሁለት ጣት ያህል ተከፍቷል።

ጥፋቱ ያንተ ነው። አባቴ ዘንድ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ እንደላክህ፣ ሁለቴ ሳይቀመጡ እንደተመለሱ፣ በሦስተኛው አባቴ ራሱ ደክሞት «በሉ ተቀመጡ» እንዳለ መቶ ጊዜ ነግረሃታል። አማርኛዋ ከቀን ወደ ቀን ይሸሻል፤ ይህን ታሪክ ግን አልረሳችውም። እምቢ ያለን ሰው ከረባት ያሰሩ ሽማግሎች ልኮ እሺ ማሰኘት እንደሚቻል ከአንተ ተምራለች። ለጋሽ ታደሰ ቴክስት ላከችለት። እሱም ሦስት ጊዜ አንብቦ ኮቱን ለማጽጃ ቤት ሰጠ።

ተቀመጡ። ኤደንም ወጥታ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ጋሽ ታደሰ «ልጄ፣ የልብሽን ተናገሪ» አላት። እንግሊዝኛውን ትታ፣ ቃል እየፈለገች፣ በአማርኛ ተናገረች። «ማስኩን ሳደርግ አለቅሳለሁ» አለች። «ማንም አያየኝም። ኳሱም አይታየኝም። ማሚ የባባን ጃኬት ለብሳ፣ የባባ ወንበር ላይ ሆና ሩጪ ስትል ባባ መጣ ብዬ እዞራለሁ። ከዚያ ማሚ ናት።»

ደሬ፣ አንተን ወደ እሷ የማመጣህ መስሎኝ ነበር። ለካ በየጨዋታው እንደገና ስወስድባት ኖሬያለሁ። እዚያው ሽማግሎቹ ፊት አለቀስኩ፤ ይሄኛው እንባ በትክክለኛው ጉዳይ ነበር።

ቢሆንም ወዲያው አልተረታሁም። ለሚሞት ሰው የተገባ ቃል እንዴት ይፈርሳል አልኩ። ጋሽ ታደሰ እጁን የማይዘጋው ኮቱ ላይ አድርጎ «ደረጀ በዚያ ሳምንት ቃል ያላስገባው ሰው አለ እንዴ?» አለ። «እኔን አሥር ኪሎ ቀንስ ብሎ ቃል አስገብቶኛል። ይኸው ታዪኛለሽ።» አንደኛው ወንድም ደግሞ አንገቱን ደፍቶ «እኔን ከኳየር እንድወጣ አስምሎኛል» አለ። እስከ ዛሬ ይዘምራል፤ እሑድ እሑድ እንሰማዋለን። ከዚያ ጋሽ ታደሰ ወደ እኔ ዞሮ «አንቺንስ?» አለኝ። ዓይኔ ወደ ፍሪጁ ሄደ። «መንጃ ፈቃድ» የሚል ድምፅ ከሶፋው ጫፍ መጣ።

እውነቷን ነው። እጄን ይዘህ መንዳት እንድማር ቃል አስገብተኸኛል። የመንጃ ፈቃዱ መጽሐፍ ከፍሪጁ በላይ እንዳለ አለ፤ ለሰዓቱ ማስደገፊያ ሆኗል። የራሴን ቃል አቧራ አልብሼ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅን በቃልሽ እደሪ ስል ነበር። አፈርኩ። «ልጄ፣ ተይው፤ ለባባ እኔ እነግረዋለሁ» አልኳት። ይኸው እየነገርኩህ ነው። የምትቀየም ከሆነ እኔን ተቀየመኝ፤ እሷን ግን አደራ።

ማስኩን ለአሠልጣኟ መለሰች። ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት፤ ግን እኔ የወቅቱን ሽፍት ሁሉ አስቀድሜ ቀይሬ ነበር። ረቡዕ ደረሰ፣ ሥራ የለኝም፣ እግሬ ወደዚያው ወሰደኝ። ጃኬትህን ቤት ትቼ ወንበሩን ብቻ ያዝኩ። የቡድኑ ልጆች ለኤደን ቴክስት ማድረጋቸው አልቀረም፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ መጣች። «ማሚ! እኔ እኮ አልጫወትም! ዋት አር ዩ ዱዊንግ ሂር?» ሱፍ ዘረጋሁላት። ግራ ቀኙን አየች፣ ማንም እንዳያያት አጎንብሳ ሣሩ ላይ ተቀመጠችና ትፈለፍል ጀመር።

ከዚያ ጨዋታውን ከሀ ጀምራ አስረዳችኝ። ለካ ኳሱ ወደ ሰማይ ሲወጣ ሯጯ መቅለባቸውን እስክታይ ቆማ መጠበቅ አለባት፤ ቸኩላ ከሮጠች አውት ትሆናለች፣ ከጨዋታ ትወጣለች። ለካ አሠልጣኟ በየጨዋታው መጀመሪያ ልጆቹን ሰብስባ «ባለ ቡናማ ጃኬቱን ሰውዬ እንዳትሰሙ» ትላቸው ነበር። ኤደን ይህን ስትነግረኝ ሳቋ አላስጨርስ አላት። ከሄድክ ወዲህ አንተን አንስተን ስንስቅ የዚያን ቀን የመጀመሪያችን ነው።

መጨረሻው ላይ አንድ ነጥብ ብቻ ሲቀረን ኪያራ ሯጮች በሚጠብቁበት ቤዝ ላይ ቆማለች። መቺዋ ኳሱን ወደ ላይ አጎነችው። እኔ አሁን ሕጉን አውቃለሁ፤ አፌን ግጥም አድርጌ ያዝኩ። ከአጠገቤ አንድ ጩኸት ተነሣ። «ሩጪ!»

ኤደን ናት። ቆማለች፣ ሱፉ ሣር ላይ ተበትኗል። ኪያራ አንተን አትሰማም፣ እኔንም አትሰማም፤ የኤደንን ድምፅ ግን ታምናለችና ሮጠች። ኳሱ ተቀለበ። አውት። ተሸነፍን። አሠልጣኟ ቀስ ብላ ወደ አጥሩ ዞረች፤ አንተን ታይበት በነበረው ዓይኗ ልጅህን አየቻት። ኤደን አፏን በሁለት እጇ ይዛ እየሳቀች ታለቅሳለች፤ ያለ ማስክ፣ ሰው ሁሉ እያያት።

አንረሳህም ደሬ። እንርሳህ ብንል እንኳ ይህ ቡድን አይፈቅድልንም። መጽሐፉን ከፍሪጁ ላይ አውርጄ ምዕራፍ ሁለት ደርሻለሁ፤ ሰዓቱ በሌላ ነገር ተደግፏል። ረቡዕ ሌላ ጨዋታ አለ። አሠልጣኟ እባካችሁ ከአጥሩ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ ብላናለች። ወንበርህን ይዘን እንሄዳለን።

ያንተው አስቴር